የስካቫተሩ ማደሪያ

ዕቃ ማዋስ ደግነት ነው የሚል ሰው፣ ዕቃ የሌለው ሰው ነው። ያለንማ እናውቀዋለን። መጥረቢያ ብታውስ ዛቢያው ተሰብሮ ይመለሳል፤ ወንፊት ብታውስ ከነአካቴው አይመለስም፤ ጃንጥላ ያዋሰ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ይቀበል። እኔ ያዋስኩት ሜትር ነው። ያቺን ልብስ የምለካባትን፣ ጫፏ የተበላ ቢጫ ሜትር። እሷስ ተመልሳለች፣ መዋሸት ነውር ነው፤ የማይመለሰው ቤቴ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከተማችን ወደ ላሊበላ ሲወጣ፣ መንገዱ ዳገቱን ሳይዝ ያለችው ናት። ስሟን አልጠራም፤ ማዘጋጃ ቤቷ ዘንድ ገና ጉዳይ አለኝ። ለገና የሚወጣው ምእመን በመኪና መስኮት አይቶን ያልፋል፤ ባዶ እንዳያልፍ ደግሞ የውኃ ጠርሙሱን ይጥልልናል። ያ ሁሉ ጠርሙስ ታዲያ የት ይገባል? ከቤቴ ጀርባ ካለው የጎርፍ ቦይ ነዋ! ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ ከላይ ይወርዳል፤ ቦዩ ተደፍኖ ይጠብቀዋል። ምን ያድርግ? እንደማንኛውም የመሸበት እንግዳ የቅርቡን ሰው ያንኳኳል። የቅርቡ ሰው እኔ ነኝ።

ቤቱ ድንጋይ በጭቃ ነው፤ ጎርፉ የጀርባውን ግድግዳ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲልሰው ኖሮ አሁን ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሏል። ባለቤቴ ያልጋነሽ በሁለት አጠና ደግፋው፣ አልጋችንን ከጓዳ ወደ በሩ ካዛወረች ቆየች። ልጆቼን ያሳደግሁት እዚህ ቤት ነው። ሌላ ቤት የለኝም፤ እንደገና የምሠራበት ጉልበትም የለኝ። ይህን ያዙልኝ።

እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠርቶ፣ ለከተማዋ የጽዳትና የመንገድ ጥገና ግቢ ሊሠራ ነው ሲል እንዴት አላጨብጭብ? ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና ይመጣል፤ ቦይ የሚጠርግ ስካቫተር ይመጣል፤ የጎደለው ማደሪያቸው ብቻ ነው ተባለ። እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ከዞን የመጣው ወጣት ኢንጂነር ላፕቶፑን ይዞ መለኪያውን ረስቶት ኖሮ፣ ሜትር ያለው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አንገቴን አየ፤ ሜትሬ እንደ ልማዷ እዚያው ተንጠልጥላለች። በዚያው የኅብረተሰቡ ተወካይ ሆንኩ። ሰው በዕውቀቱ ይመረጣል፣ በሀብቱ ይመረጣል፤ እኔ በአንገቴ ተመረጥኩ።

የሃይማኖት አባቶችን ወክለው የተመረጡት መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ናቸው። መሪጌታ ላስታን ከአፈሩ በላይም ከአፈሩ በታችም የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከኢንጂነሩ ጋር ሦስታችን ቦታ ፍለጋ ወጣን። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ሜዳ አየን። እዚህማ ለጥምቀት ታቦት ያርፍበታል አሉ መሪጌታ። እውነት ነው፣ ያርፍበታል፤ ተውነው። ከደብሩ ባሕር ዛፍ ሥር ወረድን። እዚህ ጠበል አለ አሉ። የቱ ጋ ቢባሉ፣ ደርቋል፣ ግን አለ አሉ። ቀጥለን ከገበያው በታች ወዳለው ባዶ ቦታ ሄድን፤ ድንጋይና አጋም ብቻ ነው። መሪጌታ መሬቱን በመቋሚያቸው ኳ ኳ አድርገው አዳመጡና፣ ከዚህ ሥር ያልወጣ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጊዜው ሲደርስ ይወጣል አሉ።

ደሜ ፈላ። ላስታ ውስጥ ያልወጣ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት መሬት የት ይገኛል? እንደ አባቶች አነጋገር ከሆነማ ከወጣው ያልወጣው ይበልጣል። እኔ ደግሞ ክረምት እየመጣብኝ ነው። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ «አባቴ ይፍቱኝና፣ በዚህ አገር ከመሬት በታች ድንጋይ እንጂ ሌላ የለም!» አልኩ። መሪጌታ ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «ይፍታህ። ይህችን ቃል ግን አደራ፣ እንዳትረሳት» አሉኝ።

ኢንጂነሩ ፀሐዩ መትቶት ከአንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና፣ እስቲ ጋሼ፣ እርስዎ ምን ዓይነት ቦታ ቢሆን ይላሉ አለኝ። እኔን ሐሳብ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፤ ሰው የሚጠይቀኝ «መቼ ይደርሳል?» ብሎ ብቻ ነው። ልቤ አበጠ። ሜዳ ይሁን አልኩት፤ ከአስፋልቱ አይራቅ፤ ቦዩ ሥር ይሁን፣ ሥራው ያለው እዚያ ነውና፤ ታቦት የማያርፍበት፣ ጠበል የሌለበት፣ ከሥሩ ምንም ያልተቀበረበት ይሁን። አንድም ሳይጥል ጻፈው። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? በሬውስ ቢሆን እየበላ ነው ያላየው፤ እኔ በባዶ ሆዴ!

በሳምንቱ ኢንጂነሩና የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ሜትሬን ይዤ እንድጠብቃቸው ልከውብኝ ቤቴ ድረስ መጡ። ቦዩን ሊለኩልኝ ነው ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። ሜትሬ የሰው ወገብ እንጂ የመንግሥት ግቢ ለክታ አታውቅም። አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ጫፍ ኢንጂነሩ ይዘን፣ እየተጎነበስን እየተነሣን ከአስፋልቱ ጀምረን በስፌት መኪናዬ አጠገብ አለፍን፣ ጓዳውን አለፍን፣ ቦዩ ላይ ደረስን። ያልጋነሽን የልብስ ማስጫውን ገመድ ፍቺልን ስላት፣ ደግሞ ምን እየሠራችሁ ነው አለችኝ። ልማት ነው አልኳት። ኢንጂነሩ ሜትሩን ባላላ ቁጥር እኮ፣ «ወጠር አድርገው ልጄ፣ ልክ ልክ ነው» እያልኩ የምገሥጸው እኔ ነበርኩ።

ዲዛይኑ የቀረበ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ግድግዳው ላይ የበራው ሥዕል እውነትም ያምር ነበር። አበባ አለ፣ ሣር አለ፤ ላስታ ውስጥ አይቻቸው የማላውቅ ቦርሳ ያነገቱ ዘናጮች በግቢው ይንሸራሸራሉ። የቆሻሻ መኪና ለማየት ዘንጦ የሚመጣው ማን እንደሆነ እንጃ። አስፋልቱን አወቅሁት፤ ቦዩንም አወቅሁት፤ በሁለቱ መሃል ቤቴን ፈለግሁ። ጓዳችን በነበረበት፣ አልጋችን ይዘረጋበት በነበረው ቦታ ላይ «የስካቫተር ማቆሚያ» የሚል ተጽፏል። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይሄ ነው።

ብድግ ብዬ፣ «ከቤቴ ሥር ያልወጣ ቤተ ክርስቲያን አለ!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ በሙሉ ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው በሐዘኔታ አዩኝና፣ ልጄ፣ በዚህ አገር ከመሬት በታች ድንጋይ እንጂ ሌላ የለም ብለኸን የለም ወይ አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅሁ።

ይኸው በራችን ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ተነሺ ነን፤ ተነሡ ያለን ግን የለም። በጀት ሲመጣ ነው። ምትክ ቦታውስ? እሱም በጀት ሲመጣ። ግድግዳዬን ላድስ ብዬ ፈቃድ ብጠይቅ፣ የሚፈርስ ቤት አይታደስም ተባልኩ። ቦዩን ጥረጉልኝ ብል፣ አካባቢው ሊለማ ስለሆነ ወጪ አይወጣበትም ተባልኩ። ተስፋ መቁረጥ ምን እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው። ድሮ ተስፋ የሚቆርጠው አይሆንም የተባለ ሰው ይመስለኝ ነበር። እኔን አይሆንም ያለኝ እኮ አንድም የለም፤ ሁሉም ይሆናል ነው የሚሉኝ!

ባለፈው ማክሰኞ ዝናቡ ሲበረታ አንደኛው አጠና ተሰነጠቀ። ኢንጂነሩ ዘንድ ሄድኩ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ያን የተባለውን ስካቫተር ለአንድ ጠዋት ብቻ አምጡልኝና ቦዩን ይክፈትልኝ፤ ነዳጁን እኔ እችላለሁ አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ጋሼ፣ ስካቫተሩማ ተፈቅዶልናል፤ ግን ማቆሚያ ለሌለው ከተማ አይሰጥም፤ ማቆሚያው ደግሞ የሚሠራው የእርስዎ ቤት ሲፈርስ ነው አለኝ።

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። ያልጋነሽ ጓዳ ገብታ፣ ገመድ አንሷት ኖሮ የተሰነጠቀውን አጠና በሜትሬ ጠምጥማ እያሰረች አገኘኋት። የተባልኩትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችና፣ ግድግዳውን ቀና ብላ አይታ፣ «ታዲያ ምን አስጨነቀህ?» አለችኝ። «ዝናቡ እንዲህ ከያዘው፣ ለአሸንድዬ ስካቫተራችን ይመጣል።»