የጋሽ ሲካፈል ሽቦ

ሶኬት ባለበት ቤት አጠገብ ሁሉ በሶኬቱ ላይ የሚፈርድ አንድ ጎረቤት አለ። እኔ ብዙ ቦታ ኖሬ አላውቅም፤ መጻፍም ብዙ አይሆንልኝም። ግን እናንተም ሰፈር የሚጠፋ አይመስለኝም።

የእኛ ግቢ ፈራጅ ክቡር ሊቀ ሶኬት ጋሽ ሲካፈል ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ይሄ አይደለም። "ቮልት ለአምፔር ሲካፈል" እያሉ ስለሚውሉ ግቢው ነው ያወጣላቸው። ሲጠሯቸው አቤት ይላሉ፤ እንዲያውም ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ጡረታ እስኪወጡ ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ሲጠግኑ ነው የኖሩት። ፋብሪካው አሰናበታቸው፤ እሳቸው ግን ፋብሪካውን አላሰናበቱትም።

ከሰላምታ በፊት የሚያዩት እጅን ነው። አንድ ቀን ካውያ ይዤ የግቢው በር ላይ አገኙኝ።

"ስንት ዋት ነው?"

"እኔ እንጃ ጋሼ።"

"የቤትሽን ዕቃ አታውቂም? ገልብጪው፣ ሆዱ ላይ ተጽፏል።"

ሰው እየወጣ እየገባ፣ እኔ መንገድ መሀል ካውያ ገልብጬ ቆምኩ። ሰው ሲያየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ የእሳቸውን ሳል ስሰማ በጓሮ እዞር ነበር።

የጎረቤት ልጅ ሰርግ ላይ ድምፅ ማጉያው ሊከፈት ሲል እጃቸውን አነሱና "ቆይ፣ እናስላው" አሉ። ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ለጭፈራ እንደቆሙ ቀሩ። ስሌቱ ሲያልቅ ሙሽራዋ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ ነበር። የዚያን ቀን መብራት አልጠፋም። ይህን ግን ማንም አያነሳላቸውም።

የታመመ ሊጠይቁም ይሄዳሉ፤ ይሄዳሉና መጀመሪያ የሚዳስሱት የክፍሉን ማሞቂያ ነው። "ይሄ አምፔር አብዝቷል" አሉ አንድ ጊዜ ግንባራቸውን ቋጥረው።

"እኔስ ጋሼ?" አለ በሽተኛው።

"አንተማ ደህና ነህ።"

ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ "እኔንም ያገባኝ አስልቶ ነው፤ ያኔ መለኪያው ተበላሽቶበት ነበር" ይላሉ።

እኔ የሰው ልብስ በማጠብ ነበር የምተዳደረው። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ቁም ሳጥን የሚያህል ያገለገለ የጫጩት ማስፈልፈያ ገዛሁና እንቁላል ሞላሁበት። ይሄ ካልሆነልኝ ወደ ሳሙናው ተመላሽ ነኝ። ሳጥኑ እንደገባ፣ ማንም ሳይጠራቸው ቴስተር የሚሉትን መለኪያቸውን አንግተው መጡ።

"ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ ሁለት አምፔር። ሲካፈል መቶ አስር። ይሄ ኦም ነው፤ ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት ጉልበት። ሲባዛ ደግሞ አራት መቶ አርባ ዋት፤ ይሄ ሙቀትሽ ነው። ገባሽ?"

"ገባኝ" አልኩ። አልገባኝም።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ የማሞቂያው ሽቦ ተቃጥሎ ተበጠሰ። ወንድሜን ጠራሁት። ሹፌር ስለሆነ ሽቦ ሁሉ የሚታዘዝለት ይመስለዋል። የተቃጠለውን ግማሽ ቆርጦ ጣለና የቀረውን አሰረው።

"አላጠረም?" አልኩት ፈራ ተባ እያልኩ።

"ቢያጥር ምን ይሆናል? ሙቀቱ ትንሽ ይቀንስ እንደሆነ ነው" አለኝና ወደ መኪናው ሄደ።

አልቀነሰም። ሽቦው ፍም መሰለ። የሳጥኑን በር ከፍቼ በጨርቅ ባራግብ ሙቀቱ አልወርድ አለ። ስነቅለው ይቀዘቅዛል፤ ስሰካው ይጋግራል። የማደርገው ሲጠፋኝ ሄጄ የጋሽ ሲካፈልን በር አንኳኳሁ። "ጋሼ፣ ሳጥኑ..." አልኩ። በነጠላ ጫማ ሮጡ።

ለኩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቮልቱ ያው ነው። አምፔሩ ከሁለት ወደ አራት ወጥቷል። ሲካፈል ሃምሳ አምስት ኦም። ሽቦ ሲያጥር ማገጃው ይቀንሳል፤ ማገጃው ሲቀንስ ኤሌክትሪኩ ይጎርፋል። ስምንት መቶ ሰማንያ ዋት ማለት እኮ ነው። ወንድምሽ ሊቀቅላቸው ነው የተነሳው።"

"ምን ይሻላል ታዲያ?"

"የጎደለውን ሃምሳ አምስት መመለስ ነዋ።"

ሱቅ ደወሉ። ሽቦ አልቋል ተባሉ። እንቁላሎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ ወጡ። ሲመለሱ ገና ለብ ያለ የምድጃ ሽቦ በእጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው እትዬ ጭልፋ እንደያዙ ይከተላሉ።

"ሾርባዬ ገና አልበሰለም እኮ ሰውዬ!"

"የእሷ ምድጃ ስድስት ይስባል፤ የእኛ ግን አራት አምፔር ነው የሚስበው። ልክ ሃምሳ አምስት ኦም። ምን ላድርግ፣ ስሌቱ ነው ያዘዘኝ" አሉ።

ሁለቱን ሽቦ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ሰኩት። ፍሙ ደበዘዘ። ቴስተሩ ሁለት አምፔር አለ። እትዬ ጭልፋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና "ጥሬ ሾርባ ስንት ዋት ነው?" አሏቸው። ጋሼ ጆሯቸውን እንቁላሉ ላይ ለጥፈው ነበር።

ተፈለፈሉ። ሁሉም አይደሉም፤ ግን ሳሙናውን የሚያስረሳ ያህል ተፈለፈሉ። እኔም ሽቦውን ልመልስ ስል ጋሼ እጄን ያዙ።

"ላባ እስኪያወጡ ይሙቃቸው።"

"እኛስ ላባ አለን?" አሉ እትዬ።

ጋሼ "እሷ ቤት ምድጃ አለ" አሉ፣ እኔን ሳያማክሩ።

አሁን ማታ ማታ ድስታቸውን ይዘው ይመጣሉ። እሳቸው ምድጃዬን ይለካሉ፣ እትዬ ያማስላሉ፣ ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። ብቻዬን በልቼ መተኛት የለመድኩት እኔ ሳላውቀው ሦስት ሳህን አወጣለሁ። ሳላቸውን በር ላይ ስሰማም ቀድሜ ነው የምከፍተው።

ትናንት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩ መንገድ ላይ ጠራኝ። "የምድጃ ሽቦ ገብቷል፤ ለጋሼ ንገሪያቸው" አለኝ።

እሺ አልኩት። እስካሁን አልነገርኳቸውም።