ጋሽ ተቃውሞ እና የወንዛችን እንግዶች

ስብሰባ የሚባል ነገር ከተፈጠረ ጀምሮ፣ ከኋላ ወንበር ተነስቶ «እቃወማለሁ!» የሚል ሰው ያልተገኘበት ስብሰባ የለም። የኛ ሰፈር ክቡር ተቃዋሚ ጋሽ ተቃውሞ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ከሳቸው በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም።

ጋሽ ተቃውሞ ድልድዩ እስኪሠራ ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው በጀልባ ሲያሻግሩ የኖሩ ቀዛፊ ናቸው። ድልድዩ ሲመረቅ ተቃወሙ። የመንገድ መብራት ሲተከል «ዓሣው እንዴት ይተኛ?» ብለው ተቃወሙ። የአዳራሹን ቀለም ተቃወሙ፤ ቀለሙ ሲቀየርላቸው መቀየሩን ተቃወሙ። የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ገና ስብሰባው ሳይከፈት ቃለ ጉባኤው ላይ «ተቃውሞ፦ አንድ» ብዬ ጽፌ ነው የምጠብቃቸው።

ታዲያ ወንዛችን ላይ ጎብኚ በጀልባ እናንሸራሽር የሚል ሐሳብ ሲመጣ ጉድ ፈላ። አስተማሪዋ «ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ» አለች። ዳቦ ጋጋሪው በሐሳቡ ሁለተኛ ምድጃ ተከለ። ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች «በእጥበት ልብሳችን ፎቶ ሊያነሱን ነው?» ብለው ተንጫጩ። ጋሽ ተቃውሞም ኮታቸውን ቆልፈው ተነሱ።

«እቃወማለሁ! ወንዟን የማያውቃት ሰው ነው የሚያስጎበኛት? ለመሆኑ የምትገዙት ጀልባ ስንት ስንዝር ውኃ ይፈልጋል?»

ሳቅን። ለዓሣ እንቅልፍ የተጨነቁ ሰው ለጀልባ ቢጨነቁ ማን ይሰማቸዋል? ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን፣ ስታብረቀርቅ ዓይን የምትወጋ የሐይቅ ጀልባ ገዛን። ሆዷ ጥልቅ ነው። እኛ ግን ያየነው ቀለሟን ነበር።

ጎብኚ እንድታመጣልን የጋበዝናት የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ወንዙን ልታይ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር የመጣች ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ዳር ቆመ። «ካልወደድኩት የታችኛው ከተማ እየጠበቀኝ ነው» ብላ ቁርጡን ነግራናለች። እኔም አብሬ ተሳፈርኩ። ጀልባዋ ሄደች፣ ሄደች፣ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ገርርር ብላ አሸዋ ላይ ቁጭ! ሞተሩ ጮኸ፣ ጭቃ ረጨብን። ሴትየዋ ሰዓቷን አየች።

«ትልቅ ወንዝ ነው ብላችሁኝ አልነበር እንዴ? ይቺማ ትንሽ ናት» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እቃወማለሁ!» የሚል ድምፅ ከወደ ዳር መጣ። ጋሽ ተቃውሞ በዚያች ጠፍጣፋ አሮጌ ጀልባቸው ላይ ቆመው፣ በረጅም እንጨት እየገፉ ደረሱ። «ልጄ፣ ትንሽ አይደለችም። አካሄዷን ከማያውቁ ሰዎች ጋር ነው የመጣሽው። ነይ፣ እዚህ ተሻገሪ።»

ሁላችንንም ጫኑን። ከአሸዋው እልፍ እንዳልን እንጨታቸውን ወደ ውኃው ሰደዱት፤ ክንዳቸው እስኪረጥብ ወረደ፣ መሬት አልነካም። «ይቺ ናት ትንሽ?» አሉ። ትንሽ ወረድ ብለን ደግሞ ጀልባዋን አቆሙ። «እዚህ ጋ አንዲት እናት ሳሻግር ምጥ መጣባት። እኔ ቀዘፍኩ፣ እሷ ጮኸች፣ ልጁ መሃል ውኃ ላይ ተወለደ። ያውና፣ ነጭ ሽርጥ ለብሶ ዳር የቆመው ዳቦ ጋጋሪ!» ዳቦ ጋጋሪው ምን እንደተባለ ሳያውቅ እጁን አውለበለበ። ሴትየዋ ከልቧ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቷን አላየችም።

ስንመለስ «እንግዶቼን እዚህ አመጣለሁ፤ ግን በእንደዚህ ዓይነት ጀልባ፣ እኚህ ሰው ካሉ ብቻ» አለች። ዳር የቆመው ሕዝብ እልልታውን አቀለጠው። እኔ ወደ ጋሽ ተቃውሞ ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ይቃወሙ አልነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«አሁንም እቃወማለሁ! ግን እኔ በሕይወት ቆሜ ትንሽ ናት ተብላ ትሂድ?»

ሴትየዋ ከመኪናዋ መለስ ብላ «ለመሆኑ እኚህ ሰው ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስንት ዓመት ከሩቅ ሳያቸው መንገድ የምቀይር ሰውዬ፣ ደረቴን ነፍቼ «አጎቴ ናቸው» አልኩ። በደም ጠብታ እንኳ አንገናኝም።

«እቃወማለሁ!» አሉ ከኋላዬ። «አጎት ምን ማለት ነው? ያን ያህል አላረጀሁም። ታላቅ ወንድሜ ናቸው በል!»

ይህንን እንኳን ያለ ክርክር፣ በሙሉ ድምፅ አጸደቅኩላቸው።