የተራው ቁልፍ አጠቃቀም ደንብ ያልጸደቀበት ቅዳሜ

የቅዳሜ ዋናተኞች ክበብ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተጀመረ።

ቦታ፦ ሐይቁ ዳር፣ ከክበቡ ሚኒባስ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር። ሚኒባሱ ተቆልፏል።

የተገኙ፦
1. ሊቀመንበሩ፣ ፋርማሲስት። በፎጣ።
2. ምክትላቸው፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ ያለ አንቀጽ አፋቸውን ስለማይከፍቱ በክበቡ «ጋሽ አንቀጽ» ይባላሉ። በፎጣ።
3. የንብረት ኃላፊዋ እትዬ፣ ልብስ ሰፊ። በዋና ልብስና በሻርፕ፤ ተራው ቁልፍ በክር ተንጠልጥሎ አንገታቸው ላይ።
4. ሾፌሩ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የሊቀመንበሩ አማች። ፎጣውን ለአማቱ ስለሰጠ ያለ ፎጣ።
5. ጸሐፊው፣ ማለትም እኔ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ። በፎጣ።

ያልተገኙ፦ የሉም። ክበቡ ከእነዚህ አምስት ሰዎች ሌላ አባል የለውም፤ ሁሉም ሥራ አስፈጻሚ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሦስት ሰው። ስለዚህ ተሟልቷል፤ ተርፏልም።

ማሳሰቢያ፦ የቃለ ጉባኤው መዝገብ፣ እስክሪብቶው፣ ልብሳችን፣ ጫማችንና የሊቀመንበሩ መነጽር መኪናው ውስጥ ስለሆኑ ይህ የተጻፈው በብስኩት ካርቶን ጀርባ፣ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ በተዋስነው እርሳስ ነው።

የስብሰባው መነሻ

ባለፈው ወር የመኪናው ሪሞት ቁልፍ በአንድ አባል ቁምጣ ኪስ ውስጥ እንዳለ ሐይቅ ገብቶ በዚያው ቀርቷል። የማን ቁምጣ እንደነበረ ማንሳት ለክበቡ አንድነት እንደማይበጅ ሊቀመንበሩ ስላስገነዘቡ አልተነሳም። ከዚያ በኋላ አዲስ ሪሞት ተገዛ። ስንዋኝም ሆነ በእግር ስንጓዝ ሪሞቱ፣ መኪናው ምልክቱን እንዳያገኝ በፎይል ተጠቅልሎ፣ መኪናው ውስጥ እንዲቀር፣ በሩን ብቻ የሚከፍት ተራ ቁልፍ ደግሞ ተቀርጾ ከሰው ጋር እንዲሄድ ተወሰነ። እስከዚህ ድረስ የጤነኛ ሰው ሥራ ነበር። ነገር ግን ልንበተን ስንል በሊቀመንበሩ አሳሳቢነት፣ ተራው ቁልፍ የአጠቃቀም ደንብ ሳይጸድቅለት በር እንዳይከፍት የሚል ተጨማሪ ውሳኔ ተላለፈ። ደንቡ ሳይጸድቅ ዛሬ ደረሰ። ሾፌሩ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ገፍቶ ዘጋው፤ ዋኘን፤ ወጣን። እትዬ ቁልፉን ወደ በሩ ሲያስጠጉ ጋሽ አንቀጽ ውሳኔውን አስታወሱ። ስብሰባው የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አጀንዳው ከመገባቱ በፊት ጸሐፊው አንድ ጉዳይ አስመዝግቧል። የአሥር ዓመት ልጁ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቷ ቴአትር ዛፍ ሆና ትቆማለች፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር ትናገራለች። ያለፈውን ቴአትሯን፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም፣ በዚሁ ኮሚቴ ስብሰባ ምክንያት አላየም። ዛሬ ጠዋት «አባዬ፣ ስብሰባ አለህ እንዴ?» ስትለው የለኝም ብሏታል። ሊቀመንበሩ ነገሩ በጥልቅ እንደሚሰማቸው ገልጸው «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር እንዲታይ አዘዋል።

አጀንዳ አንድ፦ ስያሜ

ጋሽ አንቀጽ፣ ይህ ብረት በር ይከፍታል እንጂ ሞተር ስለማያስነሳ ቁልፍ ተብሎ ሊጠራ አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። ሾፌሩ፣ የቤታቸው ቁልፍስ ቤቱን ያስነሳዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ አማቻቸው ለታላላቆቹ አነጋገሩን እንዲያስተካክል አሳሰቡ። ሾፌሩ አስተካክሎ ያንኑ ጥያቄ በድጋሚ ጠየቀ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ዕቃው «በከፊል ቁልፍ» እንዲባል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊው ድምፅ የሰጠው ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ነው።

አጀንዳ ሁለት፦ የውሃ ፈተና

ሊቀመንበሩ፣ ክበቡ አንድ ጊዜ በውሃ ተጎድቷልና «በከፊል ቁልፉ» ውሃ መቻሉ ሳይረጋገጥ ደንብ ማውጣት ኃላፊነት የጎደለው ሥራ መሆኑን አብራሩ። እትዬ ብረት መሆኑን አመለከቱ፤ ምን እንዳይሆን ነው የተፈራው፣ ጉንፋን እንዳይዘው ወይ ሲሉም ማብራሪያ ጠየቁ። ማብራሪያ አልተሰጣቸውም። ቁልፉ ከአንገታቸው ሳይወልቅ፣ ክሩ ረዘም ተደርጎ፣ ዓሣ አጥማጁ ባዋሰን ኩባያ ውሃ ውስጥ ተነከረ። እትዬ አጎንብሰው፣ አራታችን ከበን፣ ኩባያውን ስንመለከት ቆየን። ዓሣ አጥማጁም መንጠቆውን ትቶ መጥቶ ተመለከተ።

ውጤት፦ ቁልፉ ረጥቧል። ሌላ ለውጥ አልታየም። ፈተናውን ማለፉ ጸድቋል። እትዬ ወገባቸውን እንዳመማቸው እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል፤ ተመዝግቧል።

ጸሐፊው ጊዜው እየሄደ መሆኑን አሳሰበ። ማሳሰቢያው በአዎንታ ታይቷል።

አጀንዳ ሦስት፦ ማን ይያዘው?

ሊቀመንበሩ ቁልፍ ያዥ የሚባል ቋሚ የሥራ መደብ እንዲከፈት ሐሳብ አቀረቡ። ያዡ ከውሃ ርቆ፣ ደረቅ ሆኖ፣ ዳር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ ምክትልም ያለው ይሆናል። ሾፌሩ፣ ዳር ላይ ደርቆ የሚቀመጥ ሰው ካለ ሪሞቱን ራሱን ለምን አይዝም፣ ተራው ቁልፍ የተቀረጸው ሁላችንም እንድንዋኝ አልነበረም ወይ ሲል ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው አሉ። በጸሐፊው አስተያየት የዕለቱ ብቸኛ ጥያቄ እሱ ነበር።

ከረጅም ውይይት በኋላ መደቡ ተከፈተ። የሚይዘው ሰው አልተገኘም፤ ሁሉም መዋኘት ይፈልጋል።

አጀንዳ አራት፦ ደንቡን ማጽደቅ

ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ጸሐፊው ከላይ የተወሰኑትን በሦስት መስመር ጠቅልሎ አባላት እንዲፈርሙ ካርቶኑን አዞረ። ሊቀመንበሩ ያላነበቡትን ነገር ፈርመው እንደማያውቁ ገለጹ። ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋቸዋል። መነጽራቸው መኪናው ውስጥ ነው። ጸሐፊው ላንብብልዎ አላቸው። ጋሽ አንቀጽ፣ በመተዳደሪያው አንቀጽ ሰባት መሠረት ፈራሚ በራሱ ዓይን ማንበብ እንዳለበት አስታወሱ። መኪናው ይከፈትና መነጽሩ ይውጣ የሚል ሐሳብ ከሾፌሩ ቀረበ፤ መኪናው ደንቡ ሳይጸድቅ እንደማይከፈት፣ ደንቡም መነጽሩ ሳይወጣ እንደማይጸድቅ ተብራርቶለት ሐሳቡን ተወ።

ሊቀመንበሩ ስብሰባው ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲተላለፍ ሐሳብ አቀረቡ። እስከዚያ የት እንደምንቆይ አልተናገሩም።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊው ያለ ተራው ተናገረ። እንደተናገረው ይመዝገብ ስለተባለ እነሆ፦ «ለልጄ ስብሰባ የለኝም ብዬ ነው የወጣሁት። በየጊዜው የምቀመጥበትን ወንበር ትይዝልኛለች፤ ሰው ሲመጣ ትለቀዋለች። ዛሬም ትለቀዋለች። እኔ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ቁልፍ ረጥቧል ብዬ እጽፋለሁ።»

እትዬ ተነሥተው ወደ መኪናው ሄዱ። ጋሽ አንቀጽ የሚወስዱት እርምጃ ከደንብ ውጭ መሆኑን ከኋላ ሆነው አስጠነቀቁ። እትዬ «ጻፍ፤ እኔ ነኝ የከፈትኩት» አሉና ከፈቱ።

በር በተራ ቁልፍ ሲከፈት መኪናው ሌባ የገባ ስለሚመስለው ይጮኻል። ጮኸ። ዓሣ አጥማጁ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ሾፌሩ ገብቶ ሪሞቱን ከፎይሉ ፈትቶ ዝም አሰኘው። ጸሐፊውም ገባ። ሊቀመንበሩና ጋሽ አንቀጽ ሕገ ወጥ በሆነ መንገድ በተከፈተ መኪና እንደማይሳፈሩ አስታውቀው ዝናብ ላይ ቀሩ።

ልዩ ልዩ

እዚህ ላይ ጸሐፊው መኪናው ውስጥ ሦስት የኮሚቴ አባላት መኖራቸውን ቆጠረ። ምልዓተ ጉባኤ ነው። እትዬ የፊት ወንበር ላይ ስለተቀመጡ ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ።

ሊቀመንበሩ እሳቸው የሌሉበት ስብሰባ ዋጋ የለውም ሲሉ በመስኮት ተቃወሙ። እትዬ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው ጋሽ አንቀጽን ጠየቋቸው። ጋሽ አንቀጽ መተዳደሪያውን በቃላቸው ስለሚያውቁት፣ ሰብሳቢ በገዛ ፈቃዱ ከስብሰባው ከተለየ የቀሩት ከመካከላቸው መምረጥ እንደሚችሉ፣ እጅግ እያዘኑ አረጋገጡ። ስብሰባው ሕጋዊ ከሆነ ደግሞ የሚካሄድበት መኪናም ሕጋዊ ነው ብለው ራሳቸው ገቡ።

ያለ ውይይት የሚከተለው ተወሰነ፦ ስለ ተራው ቁልፍ ባለፈው ስብሰባ የተወሰነው ክልከላና ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ስያሜው፣ ፈተናው፣ መደቡ የለም። ቁልፍ ቁልፍ ነው፤ የሚዋኝ ሰው አንገቱ ላይ ያስረዋል፤ ሲወጣ በር ይከፍታል። ሊቀመንበሩ ዝም ብለው ለመቀመጥ ከተስማሙ ይሳፈራሉ።

ሊቀመንበሩ ሰማዩን አዩ። ዝናቡ በረታ። ተስማሙ።

ልብስ የተለበሰው መኪናው እየሄደ ነው። ጸሐፊው በጥድፊያ የለበሰው ሱሪ የሊቀመንበሩ መሆኑ የታወቀው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲወርድ ነው፤ እትዬ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ያዙለት። ሊቀመንበሩ አዳራሹ ውስጥ በፎጣ ገቡ። መብራቱ ጠፍቷል፤ ዛፏ መድረኩ ጥግ ላይ ቅርንጫፎቿን ዘርግታ ቆማለች። ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሹራቧ የተቀመጠበት አንድ ወንበር ነበር። አልለቀቀችውም።

ቴአትሩ ሊያልቅ ሲል ልጆቹ ሁሉ ከመድረኩ ወጡ፤ ዛፏ ብቻ ቀረች። የተናገረችው ይህ ነው፦ «እኔ የትም አልሄድም፤ በመጣችሁ ጊዜ እዚሁ ታገኙኛላችሁ።» ሊቀመንበሩ እጃቸውን ለማውጣት ሲሞክሩ ጋሽ አንቀጽ ክንዳቸውን ያዟቸው።

ስብሰባው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተዘግቷል።

የተገኙ፦ አባቷ።