ጡሩንባ ነፊው ለጤና ሲመጣ

እኛ ሰፈር ለመሞት የሚጎድል ነገር የለም። ድንኳኑ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ትልልቆቹ ድስቶች እድሩ ቤት ተደፍተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አያድርገውና ዛሬ አንዳችሁ ብታርፉ፣ ነገ ጠዋት ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ የምትጎድሉት እናንተ ብቻ ናችሁ። የእድር ክፍያ ያሳለፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የቤት ኪራይ ያሳለፈ አውቃለሁ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ያሳለፈ አውቃለሁ፣ የገዛ ሠርጉን ቀን ያሳለፈም አንድ አውቃለሁ። እድር ግን አይታለፍም።

የጤና መድን መዋጮ ላይ ስንደርስ ነው ነገር የሚበላሸው። መዋጮው የሚከፈለው በዓመት አንዴ ነው። በዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ በግ የሚታረድለትና የሚረሳ። በጊዜው መክፈያ መንገዱ ሞልቷል። ወረዳ ሄዶ መሰለፍ ይቻላል፣ ባንክ ማስገባት ይቻላል፣ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ በስልክ መላክ ይቻላል። አንዱ ጎረቤቴ ከመስቀል በዓል ጋር አያይዞታል፤ መስቀል ሲያልፍ ግን ከገንዘቡ የሚተርፈው ችቦው ብቻ ነው። አንዷ ደግሞ በርበሬ ዕቃ ውስጥ ትደብቀዋለች። በርበሬው ሲያልቅ ብሩ ይገኛል፤ በርበሬው ስላለቀም በርበሬ ይገዛበታል። እናንተም የራሳችሁ ዘዴ እንዳላችሁ አልጠራጠርም፤ ሠርቶ እንደሆነ ግን አልጠይቃችሁም።

እኔ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ማለት ሌላው ሲናገር የሚጽፍ፣ ሌላው ሲሳሳት ደግሞ «ምነው ዝም አልክ?» የሚባል ሰው ነው። አምና ከወረዳው አንዲት ልጅ ወደ ስብሰባችን መጥታ ስለ ጤና መድኑ እድሳት ስታስረዳ እየጻፍኩ ነበር። ልጅቱ ጨዋና ትጉ ናት። ጥፋቷ «ድንገት ብትታመሙ» ብላ መጀመሯ ነው። አዳራሹ ተንጫጫ። «አታሟርቺብን እንጂ ልጄ» አሉ አንዲት እናት ከኋላ። ልጅቱ ደንግጣ «እሺ፣ አንድ ሰው ቢታመም» ብላ ብታስተካክለው፣ ሁሉም ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ለማየት ዞረ። እዚያ ላይ የጴንጤዋ ጎረቤታችን እህት ሠናይት ተነስታ «በኢየሱስ ስም በሽታ ቤቴ አይገባም» ስትል፣ ኦርቶዶክሱም አሜን አለ።

ሰዉ ቆጣቢ ስለሆነ አይምሰላችሁ። በደህና ቀን ለበሽታ መክፈል፣ በሽታን በስሙ ጠርቶ ወንበር እንደማቅረብ ይመስለዋል። ሞት ከፈልንም አልከፈልንም መምጣቱ ስለማይቀር ለእሱ መዘጋጀት ሟርት አይደለም። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት እድሳቱ በወሩ መጨረሻ ዓርብ እንደሚያበቃ፣ ያለፈበት ሰው ቀጣዩን ዓመት ሙሉ ከኪሱ እንደሚታከም ተናገረች። ጻፍኩት። ከጻፍኩት ከእኔ በቀር የሰማት ያለ አይመስለኝም።

የእድሩ ዳኛ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ መላ አመጡ። ሁሉንም ቤት የሚያውቅ ሰው ቤት ለቤት ይዙርና ይሰብስብ፣ ወረዳ ወስዶም ይክፈል አሉ። ሁሉንም ቤት የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው። ዓይናችን ሁሉ ወደ ጋሽ ቱፋ ዞረ።

ጋሽ ቱፋ ጡሩንባ ነፊያችን ነው። ሌላ ሰፈር መርዶ በመኪና ማይክ ይለፈፋል። እኛም ማይክ ገዝተን ነበር፤ ማይኩ ተበላሸ፣ ቱፋ ግን አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ገና ሳይነጋ እየነፋ ይዞርና ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ይናገራል። ቀን ላይ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰዎች ሰላምታውን አሳጥረው ያልፋሉ። ጠልተውት አይደለም። በሩ ላይ ቱፋን ማየት የሚፈልግ ማን አለ?

በማግስቱ ጠዋት ቤቴ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚለብሳትን ጥቁር ኮት ትቶ ቡናማ ጃኬት ለብሷል። ጢሙን ተላጭቷል።

«ጸሐፊ፣ እስቲ ዛሬ ደግሞ ለደግ ነገር በር ላንኳኳ» አለኝ።

እህት ሠናይት ቤት ሲያንኳኳ እኔም አብሬው ነበርኩ። «ማነው?» አለች ከውስጥ። «ቱፋ ነኝ።» ዝም አለ ግቢው። ውሻው ራሱ ዝም አለ። «ማን… ማን ሆነ?» «ማንም ምንም አልሆነም፣ ለጤና መድኑ ነው።» ወዲያው በበሩ ክፍተት መጀመሪያ ካርዷ ወጣ፣ ቀጥሎ ብሩ ወጣ፣ በመጨረሻ ድምጿ ወጣ። «ሁለተኛ እንዳትመጣ ጋሽ ቱፋ። ከርሞ ራሴ አመጣለሁ።»

ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ከፈለ። ጡሩንባውን ቤቱ ትቶ ነበር የሚዞረው፤ ሰዉ ግን ፊቱን ሲያይ ይሰማዋል። ስብሰባ ያላሳመነውን፣ ስብከት ያላሳመነውን፣ ቱፋ በር ላይ በመቆም ብቻ አሳመነ። ወረዳው እንዲህ ያለ ሰፈር አላየሁም አለ። እኔ ግን ማታ ደረሰኞቹን ስንለይ የቱፋን ፊት አየሁት።

«ሁሉም ከፈለ» አልኩት፣ ደስ እንዲለው።

«ከፈለ» አለ። «ግባ ያለኝ ግን የለም።»

አሳዘነኝ፤ ደረሰኙን መቁጠር ቀጠልኩ።

የቀረው አንድ ቤት ነበር፤ የጋሽ ወልዴ ቤት። ጋሽ ወልዴ በልጅነታቸው ከከፋ መጥተው ጦር ኃይሎች አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማር የሸጡ ሰው ናቸው። ማር ሲሸጡ ኖረው ስኳር ያዛቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከሁለት ልጆቻቸው አንዱ ሀዋሳ ነው፣ አንዷ ሳሪስ ናት፤ የምትርቀው የሳሪሷ ናት። ኢንሱሊን በየቀኑ ይወጋሉ። ካቻምና እግራቸው ቆስሎ ጣታቸው ለጥቂት ነው ከመቆረጥ የተረፈው፤ ያንን ሁሉ የቻለላቸው ካርዱ ነው። ካርዱ ካልታደሰ መርፌውን እየቀነሱ እንደሚወጉ እኔም አውቃለሁ፣ ቱፋም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ሰፈሩ ውስጥ ማሳለፍ የማይችል ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ያልከፈሉትም እሳቸው።

ቱፋ ሲያንኳኳ ጋሽ ወልዴ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ግባ። በር ላይ የሚቆም ቆጣሪ አንባቢ ነው።»

«እኔን አይፈሩም?» አለ ቱፋ።

«አንተን ፈርቼ የት እደርሳለሁ? ባለቤቴ ስታርፍ የነፋኸው አንተ አይደለህ? አሳምረህ ነፍተሃል። ግባ።»

ገባ። ሳያስከፍል ወጣ። በማግስቱ ሄደ፤ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ተብሎ ተመለሰ። ሌላ ቀን ደግሞ ገንዘቡ የት የት እንደሚሄድ ከሥሩ ይብራራልኝ ተባለ፤ ቱፋም የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ሲያብራራ ዋለ። ከዚያ የወረዳዋ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች ተጣርቶ ይምጣልኝ አሉ። ያንን አጣርቶ ሲመጣ፣ ዛሬ ለገንዘብ ደግ ቀን አይደለም ተባለ። ሳምንቱ እንዲሁ አለቀ።

ነገሩ ስላሳሰበኝ አንድ ቀን ተከትዬው ሄድኩ። ጋሽ ወልዴ ከማሰሮ ማር በትንሽ ሳህን ቀድተው ቱፋ ፊት አስቀመጡ። እሳቸው መቅመስ አይችሉም፤ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አሳርፈው የቱፋን አፍ ያያሉ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው አይባልም። ንቡ የቀሰመው ግራዋ ነው ወይስ ብሳና?»

ቱፋ ዓይኑን ጨፈነ። «ትንሽ ይመራል መሰለኝ። ግራዋ?»

«አየህ! ምላስ አለህ!» አሉ፤ ራሳቸው የቀመሱ ያህል ፊታቸው በራ። ቱፋ ሳቀ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳውቀው ጥርሱን አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔ እንግዲህ የሥራ ሰው ነኝ። ስልኬን አወጣሁና «ጋሽ ወልዴ፣ አሁኑኑ በስልክ ልክፈልልዎትና ይገላገሉ» አልኳቸው። «ማን ጠየቀህ?» አሉኝ፤ እውነትም ተቆጥተዋል። ቱፋም ማንኪያውን አተኩሮ ማየት ያዘ። ሁለቱም እንድሄድላቸው እንደፈለጉ ገባኝ፣ ምክንያቱ ግን አልገባኝም። ጸሐፊ ነኝ አላልኳችሁም? የተባለውን ብቻ ነው የምጽፈው።

የመጨረሻው ዓርብ መጣ። እንዳጋጣሚ በታችኛው በኩል አንድ አባላችን አርፈው ቱፋ ጠዋት ጡሩንባውን ነፍቷል፣ ቀኑንም ድንኳን ሲተክል ዋለ። ጋሽ ወልዴ ትዝ ያሉኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ሮጥኩ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ባዶ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ሳህን የተከደነበት ሳህን።

«ቱፋስ?» አሉኝ።

«ለቅሶ ቤት ነው። ዛሬ አይመጣም። ለእኔ ይስጡኝ፣ ላድርስልዎት።»

«ይመጣል።»

«ጋሽ ወልዴ፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው።»

«ይመጣል አልኩህ።»

ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ተናደድኩ፤ ፈራሁም። «መርፌው ቢቋረጥብዎትስ? እግርዎ ቢብስስ?» አልኩ። ያቺን ልጅ ስንገስጽ ውለን ይኸው እኔው አሟረትኩ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱና «ድንኳኑ የት ነው የተተከለው?» አሉ።

እያነከሱ ወረዱ። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ነበር፤ ሁለታችንም አፍንጫችንን ይዘን ሄድን። ቱፋ ተንበርክኮ ካስማ እየመታ ነው። ጋሽ ወልዴ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ነጭ መሐረብ አወጡ። ካርዱም ገንዘቡም እዚያ ውስጥ ነበር፤ አስተጣጠፉ የዛሬ አይመስልም።

«ቱፋ፣ እንካ። የተላክኸው አንተ ነህ።»

ቱፋ መዶሻውን ጥሎ ተነሳ። ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ወረዳው መንገድ ጀመረ። ለቀስተኛው ጡሩንባ ነፊው ድንኳን ትቶ ሲሄድ አይቶ ስለማያውቅ፣ ደግሞ ማን ሞተ ብሎ ተነሳ። ስንደርስ ልጅቱ ቁልፍ በእጇ ይዛ ነበር። ሦስታችንን አየችና፣ እድሜ ይስጣት፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

ስንመለስ አላስችል አለኝና ጠየቅኳቸው። «ገንዘቡ ከመጀመሪያውም ነበረ። ለምን እንዲህ አደረጉን?»

ምንም አላፈሩም። «የከፈለ ሰው ቤት ቱፋ ይመጣል?» አሉ።

ቱፋ ወደ ድንኳኑ አቅጣጫ እያየ ነበር። የሰማ መሆኑን ግን አንገቱ ይናገራል።

በዓመቱ እድሩ ተሰብስቦ ቱፋን አመሰገነ፣ ሲያመሰግነውም ከመዋጮ መሰብሰቡ ሥራ አሰናበተው። አሠራራችን ይዘመን ተባለ፤ ከአሁን በኋላ ማስታወሻ በስልክ መልእክት ይላካል፣ ሁሉም በስልኩ ይከፍላል። ጻፍኩት። እህት ሠናይት መልእክቱ በደረሳት ደቂቃ ከፈለች ይባላል፤ ካልከፈልኩ ቱፋ ይመጣል ብላ። እኔም ከፈልኩ። ስልኬ «ክፍያዎ ተሳክቷል» አለኝ፤ ሌላ ያነጋገረኝ ሰው የለም።

ዘንድሮም የቀረ ቤት አንድ ነው። ጋሽ ወልዴ ስልካቸው ተበላሽቷል አሉ፤ ለእድሩ ዳኛም ሰው ላኩ፣ መልእክቱ አልደረሰኝም ብለው። ሰው ይላክ ተባለ፤ ማን እንደሚላክ ማንም አልጠየቀም። ትናንት ቱፋን ይዤ ሄድኩ። ቡናማ ጃኬቱን ለብሷል። ሳህኑ ቀድሞ ቀርቦ ነበር።

«ስልክዎ መቼ ተበላሸ?» አልኳቸው።

«ሰነበተ» አሉ፣ ማሩን እየቀዱ።

እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ ደወልኩላቸው። ከኮታቸው ኪስ ውስጥ ጮኸ፤ ደህና አድርጎ ጮኸ። ሦስታችንም አዳመጥነው። ጋሽ ወልዴ ቅንድባቸውን እንኳ አላነሱም።

«ቱፋ፣ የዘንድሮው ምን ይመስልሃል? ግራዋ ነው ብሳና?»

ቱፋ ማንኪያውን ላሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቆየ። ስልኩ ይጮሃል።

«ዛሬ አልለየልኝም ጋሽ ወልዴ» አለ። «ነገ ደግሜ ልቅመሰው።»

እስከ ዓርብ ጊዜ አለ። ስልኩን ዘጋሁት።