ሁለተኛው ዓይኑ የት ሄደ?

ሥዕል አይዋሽም የሚል ሰው ሥዕል ሲሳል ቆሞ ያላየ ነው። እኔ ዳዊት ከመድገም ያላለፍኩ ሰው ነኝና ስለ መጽሐፍ ብዙ አላወራም፤ ስለ ሥዕል ግን ስሙኝ። ባደግሁበት ደብር ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያችኋል። ከሐዲና ጨካኝ ግን በጎን ይሳልና አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። ሰዓሊው ስም መጻፍ አያስፈልገውም።

እዚህ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ ግቢ የምንጋራት የወሎዋ ዘይነባ ሳልማ የምትባል ልጅ አለቻት። አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛዋ ትንሽ ያነክሳል፣ እጇ ግን አያነክስም። አንድ አታሚ የአሜሪካኖችን የጥንት ልብ ወለድ በዐረብኛ ሊያወጣ ነውና ሥዕሉን ሞክሪ አላት። ታሪኩ ከጌታው ስለ ጠፋ ባሪያ ነው። ከወደደላት እንጀራዋ ተገኘ፤ ካልወደደላት ከእናቷ ጋር ሀብታሞቹ ሰፈር አል-ጣኢፍ ሄዳ የሰው ቤት ወለል ልትወለውል ነው።

የዚያኑ መጽሐፍ የቆዩ እትሞች ሰብስባ አመጣችና፣ "ያ ዓሚ፣ እይ" አለችኝ። አጎቴ ማለቷ ነው፤ አንቱታ አልተማረችም። አየሁ። በጥንቱ እትም ባሪያው ከንፈሩ እንደ ጫማ ሶል ወፍሮ ተንበርክኳል። ቀጥሎ በመጣው ቆሟል፣ ሸሚዝም አልብሰውታል። በአዲሱማ ደረቱ እንደ ኳስ ተጫዋች ተነፍቶ ሙሽራ መስሏል። ዘመን ደግ ነው ልል ስል አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር። በሁሉም በጎን ነው የተሳለው! ከንፈሩን አሳነሱለት፣ ልብሱን ቀየሩለት፤ ሁለተኛ ዓይኑን ግን ማንም አልመለሰለትም። እናንተ ብትሆኑ አትጠረጥሩም?

ይባስ ብላ፣ "አንተን ነው የምስል፤ ዙር፣ ወደ በሩ እይ" አትለኝም!

"አልዞርም።"

"ሰውዬው እየሸሸ እኮ ነው! ወደ ፊት ነው የሚያይ።"

"ሲሸሽ ዓይኑን ጥሎ ነው የሚሄደው?"

"ወላሂ፣ ሥዕል ነው! ኃጢአት የለውም!"

ዘይነባ ልብስ ከምታጥብበት ቀና አለች። "ኧረ ጋሼ፣ ይዙሩላትና ትገላገል! ነገ ነው የምታስረክበው። ለልጄ እንጀራ አንድ ዓይን ይከብድዎታል?"

እውነቴን ነው፣ ከበደኝ። የልጅቷን ጉሮሮ መዝጋትም ከበደኝ። ገብቼ ጸሎቴን አድርሼ ወጣሁና፣ "ፊት ለፊት ሳዪኝ፤ አታሚው ካኮረፈ እኔ ራሴ ሄጄ አናግረዋለሁ" አልኳት።

"ከላስ፣ በቃ" አለች፤ ተናዳ ሳለችኝ።

አታሚው ወደደው። "እንዲህ ዓይን ለዓይን የሚያይ ባሪያ አይቼ አላውቅም" አለ አሉ። ሳልማ ሥራ አገኘች፤ እኔም በስተርጅና ጻድቅ ሆኜ ታተምኩ። መጽሐፉ ሲወጣ በኩራት ገለጥኩት። ባሪያውን የሚያሳድደው ጌታ በፈረስ ላይ ነው፤ በጎን፣ ባለ አንድ ዓይን። ይበለው! ግን አፍንጫው… ጺሙ…

"ሳልማ፣ ይሄ ማነው?"

"ያ ዓሚ፣ ሌላ የሚቀመጥልኝ ሰው አጣሁ። በር ላይ ስትቀመጥ ሰረቅኩህ።"

ፊቴን አንጥታ ባርኔጣ ደፋችብኝ እንጂ እኔው ነኝ። ልቆጣት ተነሣሁ። ዘይነባ ግን መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ ወደ ራሷ አዙራ ሁለቱን ሥዕሎች አገላብጣ አየችና፣ "ይሄኛው ይበልጥ እርስዎን ይመስላል" አለች።

የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋትም።