ቀዩ ሲኞርና የበቆሎ ዳቦዬ

በዚህ ዓለም ላይ ቀጠሮ የማያውቅ ነገር ቢኖር ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ ነው። ዳኛ ያስጠብቃል፤ ሹም ደጅ ያስጠናል፤ ባለዕዳማ ዓመት ያመላልሳል። ትኩስ ዳቦን ግን "ነገ ተመለስ" ያለው ሰው እስካሁን አላየሁም። ይህን የሚጠራጠር ካለ በጠላት ጊዜ መንደራችን የመጣውን ቀዩን ሲኞር ይጠይቅልኝ። አሁን የት እንዳለ አላውቅም፤ የትም ይሁን የት ግን እየበላ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

መንደራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚያስኬደው መንገድ ዳር ናት። ከፊቷ ሰፊ መስክ አለ። የመንደሩ ከብት ሁሉ የሚውለው እዚያ ነው፤ የእኛም ሁለት በሬዎችና አመለኛዋ ላሜ ከዚያ ሌላ መዋያ አልነበራቸውም። ታዲያ አንድ ቀን ከከተማ ትእዛዝ መጣ፤ መስኩ ታርሶ ለጣሊያን ጦር ስንዴ ይዘራበታል ተባለ። ከብቶቻችን ምን ይብሉ ብለን ብንጠይቅ ትእዛዙን ያመጣው አስተርጓሚ ጥያቄያችንን ሳይተረጉመው ዋጠው። እሱም የእንጀራ ጉዳይ ሆኖበት ነው ብዬ አልፈረድሁበትም።

ቀጥሎ ትራክተሩ መጣ። መጣ ስላችሁ በራሱ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ በካሚዮን እየተጎተተ ነው። ፊቱም ጢሙም ጆሮውም ቀይ የሆነ ነጂ አብሮት ስለነበር ቀዩ ሲኞር አልነው። ትራክተሩ እንግዲህ ሽማግሌ ነው፤ ዛሬ እናንተ ቁልፍ ጠምዘዝ አድርጋችሁ የምታስነሡት ዓይነትም አይደለም። ያ ጉድ እንዲነሣ መጀመሪያ ግንባሩ ላይ ያለው ወፍራም ብረት በእሳት መጋል አለበት። ሲኞሩ በላምባ የሚሠራ፣ እሳት የሚተፋ ዕቃ ይደግንበትና ብረቱ እስኪቀላ ይጠብቃል። ሲቀላ ወዲያው በጎኑ ያለውን ትልቅ መዘውር በሁለት እጁ ይዞ ማሽከርከር ነው። ጥቂት ከዘገየ ብረቱ ይቀዘቅዝና ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ! ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትለመንም።

መንደሩ ተስፋውን የጣለው በባለቤቴ ላይ ነበር። ባለቤቴ ደብረ ወርቅ የተማሩ መሪጌታ ናቸው። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ "መሪጌታ፣ እባክዎ ይህን ብረት በጸሎትዎ ይያዙልን" ብለው ለመኗቸው። እሳቸውም መስኩ ዳር ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎታቸውን ተያያዙት። ዓይን ተጨፍኖ ሲጸለይ ብዙ ነገር ያመልጣል፤ ይህን ለኋላ ያዙልኝ።

ለመስኩ የሚቀርበው የእኛ ቤት ስለነበር ሲኞሩ ግቢያችን ውስጥ ድንኳኑን ተከለ። አንድ ጆንያ የበቆሎ ዱቄት አምጥቶ ሰጠኝና በእጁ የማማሰል ምልክት እያሳየ ገንፎ ሥሪልኝ አለኝ። በአገራቸው የበቆሎ ገንፎ ይወዳሉ አሉ። እኔ ግን ገንፎ የማገነፋው ለአራስ ነው! ይህን የሚያህል ጢማም ሰው አራስ አድርጌ ለጎረቤት መሳቂያ ልሁን? ዱቄቱን በእርሾ አቦካሁት፤ ጥቁር አዝሙድ ጣል አደረግሁበት፤ በኮባ ጠቅልዬ ምጣድ ላይ ከደንሁትና ከላይም ከታችም ፍም አድርጌ ጋገርሁት።

የመጀመሪያውን ቀን ያደረግሁት አስቤበት አይደለም። ብረቱ ቀልቶ ሲኞሩ መዘውሩን ሊይዝ ሲል እኔ ክዳኑን ከፈትሁ። ነፋሱ ደግሞ ከእኔ ወደ እሱ ነው። ሰውየው አፍንጫውን ወደ ምድጃዬ አዞረ፤ ከዚያ እግሩን። አንድ ጊዜ ቀምሶ ሊመለስ እንደነበር ከፊቱ ያስታውቃል። በእኛ አገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ቀምሶ የተነሣ ማን አለ? ሊነሣ ሲል በሞቴ አልሁት። እንደገና ሊነሣ ሲል አፈር ስሆን አልሁት። ቃሉን ባያውቀውም ጉርሻ አስተርጓሚ አይፈልግም። በልቶ ሲመለስ ብረቱ ቀዝቅዞ ዝንብ አርፎበታል።

እሱ ራሱን ያዘ። እኔ ብረቱን አየሁ፤ ዳቦዬን አየሁ፤ ከማዶ ላሜን አየሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ዳቦዬ የሚበስለው በብረቱ ልክ ሆነ። እሱ እሳቱን ሲደግን እኔም ፍሜን እጨምራለሁ፤ ብረቱ ሲቀላ ክዳኔን እከፍታለሁ። የሲኞሩ ላምባ በየቀኑ ይጎድላል፤ ቀበቶውም በየቀኑ ይላላል። ጎረቤቶቼ ግን ያዩት ሌላ ነው። "ይቺ ሴት ለጠላት ታጎርሳለች!" ብለው ሰላምታ ነፈጉኝ። ምን ብዬ ላስረዳ? ወሬው ለሲኞሩ ቢደርስ የዳቦውም የመስኩም ነገር አበቃ። ዝም ብዬ ማቡካት ነው እንጂ።

አንድ ጠዋት ሲኞሩ ጨከነ። አፍንጫውን በመሐረብ አስሮ፣ ፊቱን ከምድጃዬ አዙሮ ብረቱን አጋለና መዘውሩን ያዘ። ክዳኔን ብከፍት፣ በሰፌድ ባራግብ ወይ ፍንክች! አሽከረከረው። ሞተሩ ዱፍ አለ፤ እንደገና ዱፍ አለ፤ ጥቁር ጭስ ተፋ። ላሜ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ፈረጠጠች። ሽማግሌዎቹ በቃ መስካችን ሄደ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ከትኩሱ ዳቦ ገምሼ፣ እጄን እያቃጠለኝ ወደ መስኩ ሮጥሁ። የሲኞሩ ሁለት እጆች መዘውሩ ላይ ናቸው፤ አፉ ግን ሥራ የለውም። መሐረቡን ገለጥሁና አጎረስሁት። ያን የሚያህል ትኩስ ጉርሻ የያዘ ሰው ምን ያደርጋል? መዘውሩን ለቅቆ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ ኡፍ ኡፍ እያለ መስኩን ይዞር ጀመር። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰውና ዝም አለ። መሪጌታም ዓይናቸውን የገለጡት ይሄኔ ነው። ሞተሩ ጸጥ ብሎ ቢያዩ በረጅሙ አማተቡ።

የቀረችውም ላምባ በዚያው ቀን አለቀች። ሌላ እስኪላክ ክረምቱ ገባ፤ መስኩ ጨቀየ፤ ካሚዮኑም መንገዱን ማለፍ አቃተው። ሲኞሩ ቀሪውን ዳቦ በቅሎ ላይ ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሰ። በጭቃው ውስጥ ሲርቅ አንድ ሦስቴ ዞር ብሎ ሲያይ፣ ትራክተሩን ይሁን ምድጃዬን እግዜር ይወቀው።

መስኩ ተረፈ። ሽማግሌዎቹም አንድ ከሰዓት በኋላ ሙክት እየጎተቱ፣ ሞተር በጸሎት ያቆሙትን ባለቤቴን ሊያመሰግኑ መጡ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው ምስጋናውን ተቀበሉ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ገልመጥ እያሉ፣ "የባለቤትዎንም ነገር ለእርስዎ ስንል ትተነዋል" አሏቸው። ባለቤቴም ይቅርታውን ስለ እኔ ሆነው ከተቀበሉ በኋላ፣ ከሲኞሩ ዱቄት የተረፈ ካለ ለእንግዶቹ ያንን ዳቦ እንድጋግር አዘዙኝ።

ጋገርሁ። ክዳኑን ስከፍት ስለ ጸሎቱ የተያዘው ወሬ ሁሉ ቆመ። ገና መብላት እንደጀመሩ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ሞተር አቋሚው ባለቤቴ ለዋዜማው ማኅሌት ሊሄዱ ብድግ ሲሉ፣ ከመሀሉ ትኩሱን ቆርሼ በሞቴ አልኋቸው።

ተቀመጡ።