ፖስታ የማይጥሉት ወይዘሮ ሎሬታ

ፖስታ የማይጥል አንድ ሰው የሌለበት ክሊኒክ አልቆለታል፤ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ቁርሳቸው ያደርጉታል። እዚህ ኦሃዮ፣ በእኛ ትንሽ ከተማ፣ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት ወይዘሮ ሎሬታ ፓቭሊክ ናቸው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የክሊኒኩ መስኮት ጋ ተቀምጠዋል። ደብዳቤ ሲመጣ አስቀድመው የሚያነቡት የፖስታ ቤቱ ማኅተም ላይ ያለውን ቀን ነው። ባዶው ፖስታ በላስቲክ እየታሰረ ኮርኒስ ሊነካ ምንም አልቀረው። አንዴ የልደት ካርድ በእጄ ብሰጣቸው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና፣

"ፖስታውስ?" አሉኝ።

"ጣልኩት።"

"ወይ አንተ ሰው! ፖስታ የሌለው ደብዳቤ ወሬ ነው!"

ስቄባቸዋለሁ። እዚሁ የጋዜጣ አምዴ ላይ ሳይቀር አሹፌባቸዋለሁ።

ከዚያ ባለቤቴን ኮሊንን ስትሮክ መታት፤ አንደበቷ ተያዘ። በሳምንት ሦስት ቀን እዚያው ክሊኒክ የንግግር ሕክምና ጀመረች። "ው... ውሃ" ማለት እንደጀመረች፣ ኢንሹራንሱ ከመጪው ወር አንስቶ ይህን ሕክምና እዚያ አልሸፍንም አለ። ከክሊኒኩ ጋር የነበረውን ውል ቀይሯል፤ አስታውቄያለሁም ይላል።

የት አስታወቀ? ለክሊኒኮች በሚልከው የጤና መጽሔት ላይ! በዱባ ሾርባ አሠራርና በእጅ መታጠብ ምክር መካከል፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል! ዓይን ያወጣ ድፍረት! የሚስቴ አንደበት ከዱባ ሥር ይቀበራል? ደሜ ፈላ።

ወይዘሮ ሎሬታ ግን ስልኩን አነሱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

"ስማ ልጄ" አሉት የኩባንያውን ሠራተኛ፣ "ውል ስትቀይሩ ራሱን በቻለ ደብዳቤ፣ የውል ለውጥ መሆኑ አናቱ ላይ ተጽፎ፣ ከዘጠና ቀን በፊት ነው የምታስታውቁት። ሕጉ ነው።"

"እመቤት፣ መጽሔቱን እኮ ከሦስት ወር በፊት ልከናል።"

"ሾርባህን ለራስህ! መጽሔቱ የመጣበት ፖስታ እጄ ላይ ነው። ማኅተሙ ከተመታ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነው።"

"አለቃዬን... ላገናኝዎት።"

"አገናኘኝ። ጡረታዬ ገና ነው።"

አለቃውም፣ የአለቃው አለቃም ተራቸውን ቀመሷት። በሳምንቱ ትክክለኛው ደብዳቤ መጣ፤ ዘጠናው ቀን ከዚያ ይቆጠራል ተባለ። ለኮሊን ሠላሳ ስምንት ቀጠሮ ማለት ነው። መብታችንን እንደ ምጽዋት ቆርሰው ሲሰጡን ልጮኽ አፌን ስከፍት፣ ሎሬታ "አርፈህ ሚስትህን አምጣት" አሉኝ።

በሰማንያ አራተኛው ቀን፣ ወጥ ቤት ቆሜ ከኢንሹራንሱ የመጣ ሌላ ደብዳቤ ከፈትኩ። ፖስታውን ጨምድጄ ቆሻሻው ውስጥ ወረወርኩት።

"ፖስታውን... አትጣል!"

ከኋላዬ ኮሊን ናት። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያው ሙሉ ንግግሯ። አርባ ዓመት አብረን ኖረን፣ ከስሜ በፊት በየቀጠሮው የምትሰማውን የሎሬታን ቃል! ተናደድኩ? እንዴታ! ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ፖስታውን ከእንቁላል ቅርፊት መሃል አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ ለወይዘሮ ሎሬታ ወሰድኩላቸውና ኮሊን ያለችውን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ መልሰው አድርገውም ማኅተሙን አዩ።

"ደግነቱ ቀኑ ይነበባል" አሉኝ።